አሥራ ሦስት ጠብታ

በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ በምሠራበት ጊዜ እንደ ደግነት የምቆጥረው አንድ ልማድ ነበረኝ። የቲትሬሽን ሙከራ፣ ማለትም አንድን አሲድ ገለልተኛ ለማድረግ ምን ያህል ቤዝ እንደሚፈጅ የሚለካበት ሙከራ፣ በሚኖርበት ቀን ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ቢውሬቶቹን፣ ማለትም ከታች መክፈቻ ያላቸውን ረጃጅም የመለኪያ ቱቦዎች፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በሚባለው ቤዝ አለቅልቄ እሞላለሁ፤ ከመክፈቻው በታች ባለው ጫፍ ውስጥ የታፈነውን አየር ፈሳሹን በኃይል ለቅቄ አስወጣለሁ፤ መነሻውንም ዜሮ ላይ አደርሳለሁ። ለእነርሱ የሚቀረው መክፈቻውን ማዞርና ቀለሙ ሲለወጥ ማቆም ብቻ ስለነበረ ሙከራው በሰዓቱ ያልቃል፣ ውጤቱም ያምራል።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ተማሪዎች በየደቂቃው «መምህር፣ ልክ ነው?» ይሉኝ ነበር። ልብ ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው አሲዱ ካለበት ጠርሙስ፣ ከፍላስኩ፣ ይልቅ እኔ ፊት ላይ ነበር፤ ጠቋሚያቸው ቀለሙን ለውጦ መቆሚያውን የሚያሳየው ፊኖልፍታሊን ሳይሆን የእኔ አንገት መነቅነቅ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን ዘግይቼ ደረስኩና ቢውሬቶቹን ራሳቸው እንዲሞሉ ተገደዱ። ሥራው እንደተጋመሰ አንድ ፍላስክ ወድቆ ተሰበረና ስብርባሪውን ስለቅም፣ ሳትጠይቅ ምንም ነገር የማትሠራ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። 25 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ገለልተኛ ለማድረግ በመጀመሪያው ሙከራ 25.70፣ በሁለተኛው 25.05 ሚሊ ሊትር ፈጅቶባታል። «መምህር፣ ልኩ የትኛው ነው?» አለችኝ። ቀና ሳልል «ሁለቱን ምን ለያያቸው? እስክመጣ አስቢበት» አልኳት። ይህን ያልኩት አስቤበት ሳይሆን እጄ ሥራ ስለያዘ ነው።

ስመለስ ዓይኗን ከፈሳሹ ወለል ጋር ለማስተካከል ጎንበስ ብላ ሦስተኛውን ሙከራ እያነበበች ነበር። ደብተሯ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ሳይፋቅ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ያሰበችውን በዝርዝር አስረዳችኝ፦ አንድ ጠብታ ወደ 0.05 ሚሊ ሊትር ስለሚጠጋ፣ የ0.65 ልዩነት አሥራ ሦስት ጠብታ ያህል ነው፤ ያን ያህል ጠብታ አልፏት ቢሆን ኖሮ ቀለሙ ይደምቅ ነበር፣ እርሷ ግን ያቆመችው ፈዛዛ ሮዝ ላይ ነው። ስለዚህ ስህተቱን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመነሻው ፈለገችው። ያን ጊዜ መክፈቻውን እንደከፈተች በቢውሬቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲወርድ ወደ ፍላስኩ ግን ወዲያው ምንም እንዳልተንጠባጠበ ትዝ አላት፤ የወረደው ፈሳሽ በጫፉ ውስጥ የነበረውን የአየር አረፋ ቦታ እየሞላ ነበር። ሦስተኛው ንባብ 25.00 ሆነ።

እኔ ባስረዳት ኖሮ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ጉዳይ ነበር፤ ጠብታውን አባዝታ ወደ ኋላ መሄዷ ግን ከእኔ የምታገኘው አልነበረም። ደስታዬን ሳልጨርስ «መምህር፣ እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አረፋ ለምን አላጋጠመንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ከክፍሉ በፊት ምን እሠራ እንደነበረ ስነግራት ትንሽ አፈርኩ።

አደጋ ያለበትን ሥራ፣ በተለይ ጠንካራ፣ ገና ያልቀጠነ አሲድ ማቅጠንን፣ ዛሬም ብቻቸውን አልተውላቸውም። በቀጣዩ ሳምንት ግን ቢውሬቶቹን አጥቤ ባዷቸውን ደረደርኳቸው፤ «ልክ ነው?» ሲሉኝም «ምን አይታችሁ ነው?» እያልኩ መለስኩላቸው፤ ክፍለ ጊዜውም ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃ አለፈ።