መሰላል አለው

የምሠራው ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ የአርክቴክቶች ቢሮ ነው። ሥራዬ ብዙ ሰው የማይሻማበት ዓይነት ነው። የውሃ ቧንቧው፣ ዳክቱ (አየር የሚያልፍበት ሰፊ ቱቦ)፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ አንዱ አንዱን ሳይገጨው ሕንጻው ውስጥ የሚያልፍበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ። አሁን የምጽፈው ነገር እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ለዚህ ነው።

የስብሰባ ክፍላችን ግድግዳ ላይ የአርክቴክቱ የሉዊስ ካን ፎቶ ተሰቅሏል። እዚህ ከተማ ካንን የማያነሳ አርክቴክት አላጋጠመኝም። አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ግን ብርሃኑን፣ ጸጥታውንና የኮንክሪቱን ውበት ነው። እኔ የምወደው ለቧንቧ ቦታ በመስጠቱ ነው።

ካን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። አገሩ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር የነበረችው ኢስቶኒያ፣ ቤተሰቡም ደሃ አይሁዶች ነበሩ። ገና ሕጻን ሳለ ፍም ፊቱን አቃጥሎት ጠባሳው ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖሯል። በ1906 ቤተሰቡ ፊላደልፊያ ገባ። ልጁ ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይባቸው ሲኒማ ቤቶች ፒያኖ እየተጫወተ ሳንቲም ለቀመ። በ1924 ከፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በአርክቴክቸር ተመረቀ። ከዚያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣና ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። የዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ተሠርቶ አርክቴክቶች ስሙን በደንብ ሲያውቁት ዓመቱ 1953 ነበር። ሃምሳን አልፏል። ከውጭ መጥቶ ከታች ለሚጀምር ባለሙያ ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ካን ቧንቧና ዳክት አይወድም ነበር። እንዲያውም እንደሚጠላቸው በግልጽ ተናግሯል። ስለሚጠላቸው ግን ኮርኒስ ውስጥ አልደበቃቸውም። የራሳቸውን ቦታ ካልሰጧቸው ሕንጻውን ሁሉ ወረው ያበላሹታል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሕንጻን ለሁለት ከፈለው፦ ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት ክፍል፣ እና እሱን የሚያገለግለው ክፍል።

ይህን መጀመሪያ በትምህርት ቤት ሳነብ አልከበደኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ግቢው ኋላ ሰርቪስ ቤት እንዳለ ያውቃል። ማድቤቱ እዚያ ነው፣ ጭሱ እዚያ ነው፣ የእንጀራው ምጣድ እዚያ ነው። ሳሎኑ የሚያምረው ሰርቪሱ ሥራውን ስለሚሠራ ነው። ካን ያንን ኋላ ያለውን ቤት ወደ ፊት አምጥቶ እኩል ክብር ሰጠው።

ከፊላደልፊያ ብዙ ሳይርቅ፣ ኒው ጀርሲ ትሬንተን አጠገብ፣ ለአይሁዶች የማኅበረሰብ ማዕከል የሠራው የመዋኛ ልብስ መቀየሪያ ቤት አለ። የተሠራው በ1955 ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። ግድግዳው ሳይለሰን የቀረ ተራ ብሎኬት ነው፣ እኛ አገር አጥር የምንሠራበት ዓይነት። ካሬ ቅርጽ ያላቸው አራት ክፍሎች መሐል ላይ ያለውን ክፍት ግቢ ከበው ቆመዋል። ጣሪያቸው የእንጨት ፒራሚድ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት የማዕዘን ምሰሶዎች ደግሞ ውስጣቸው ክፍት ነው፣ ሰው ይገባባቸዋል። መግቢያው፣ ሽንት ቤቱ፣ የገንዳው ውሃ ማጣሪያ ዕቃ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ቢሮው ውስጥ አብራው የምትሠራው አርክቴክት አን ቲንግ በዚህ ሥራ ላይ ትልቅ እጅ ነበራት፣ ስሟ ግን እንደሚገባው አይነሳም። ካን ራሱን ያገኘው በዚህች ትንሽ የብሎኬት ቤት እንደሆነ ኋላ ላይ ተናግሯል። እጄን ብሎኬቱ ላይ አድርጌ ብዙ ቆምኩ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለ ሁለት ፎቅ ክሊኒክ እየሠራን ነበር። ለአየር ማሽኑ 12 ካሬ ሜትር ያህል ክፍል መድቤለታለሁ፣ በሩ ከውጭ የሚከፈት። የቢሮው ኃላፊ መጣና ጣቱን ፕላኑ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ይውጣ።»

«የማሽኑ ክፍል እኮ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ማሽኑን ኮሪደሩ ላይ ኮርኒስ ውስጥ እንሰቅለዋለን። እዚህ አንድ የምርመራ ክፍል እናተርፋለን። ባለቤቶቹ የሚከፍሉት ለታካሚ ክፍል ነው። ደግሞ ይሄን ማን ያየዋል?»

«የሚጠግነው ሰው ያየዋል።»

«እሱ መሰላል አለው።»

ይቺ መልስ ናት እስከ ዛሬ ያልወጣችልኝ። በስድብ ቃና አልተናገራትም። የእርሳስ ዋጋ እንደሚነግረኝ ያህል ነው ያላት።

እዚያው ምዕራብ ፊላደልፊያ ጋሼ የምላቸው ኢትዮጵያዊ የጥገና ባለሙያ አሉ። ብዙ ዘመን ሆስፒታል ውስጥ ሠርተዋል። ባልቲሞር ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣን አንድ ጊዜ እንዲህ ብለውኛል፦ «ልጄ፣ እናንተ ሕንጻ ስትስሉ እኔን አትቆጥሩኝም። ሰው እየታከመ በራሱ ላይ ኮርኒስ አልከፍትበትም። ስለዚህ ሌሊት መሥራት አለብኝ። ሌሊት ደግሞ ኦቨርታይም ነው፣ ኦቨርታይም አይፈቀድም። የአየር ማሽኑ ማጣሪያ ሳይቀየር ይከርማል። ኋላ ውሃ ሲፈስ ጥፋተኛው እኔ ነኝ።» ኃላፊው ስለ መሰላል ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ እሳቸው ትከሻ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ላይ የተዘረጋ ትከሻ እንዴት እንደሚያም ነግረውኛል።

ለኃላፊው የካንን ፎቶ አሳየሁት። «እሱ ቢሆን ያንን ክፍል አያወጣውም» አልኩ።

ኃላፊው ሞኝ አይደለም። ካንን ከእኔ ቀድሞ ነው ያነበበው።

«ሪቻርድስን ታውቂዋለሽ አይደል?» አለኝ።

አውቀዋለሁ። እዚሁ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የሕክምና ምርምር ሕንጻ ነው፣ ካንን ለዓለም ያስተዋወቀው። ኢንጂነሩ አውጉስት ኮመንዳንት ነበር፣ እሱም ከኢስቶኒያ የመጣ። ሌላ ቦታ ተሠርተው የመጡ የኮንክሪት ክፍሎች በክሬን ተገጣጥመው ቆሙ። ደረጃውና የአየር መስመሩ ረጃጅም የጡብ ማማዎች ውስጥ ገቡ።

«ቧንቧው የክብር ቦታ አገኘ» አለ ኃላፊው። «ሳይንቲስቶቹስ? ፀሐይ ዓይናቸውን አላሠራ ስትላቸው መስኮቱ ላይ ፎይል ለጠፉ። ቦታ ጠበበን አሉ። ለቧንቧ ያሰብሽውን ያህል ለሰውም ማሰብ አለብሽ።»

እውነቱን ነው። ይህን አልካድኩትም።

«ከዚያ በኋላ ግን ሳልክን ሠራ» አልኩት።

ጆናስ ሳልክ የፖሊዮ ክትባት የሠራው ሐኪም ነው፣ እሱም ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰብ የመጣ። ካንን ካሊፎርኒያ ላ ሆያ ውስጥ የምርምር ተቋም እንዲሠራለት ፈለገው። እዚያ ካን ማማዎቹን መድገም ትቶ ከእያንዳንዱ የላቦራቶሪ ፎቅ በላይ ለቧንቧ ብቻ የሆነ ሙሉ ወለል አስገባ። ሠራተኛው እዚያ ቆሞ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ሳይንቲስት ሥራውን አያቋርጥም። ላቦራቶሪው ውስጥ አንድም ምሰሶ የለም፣ ጠረጴዛውን እንደፈለጉ ያዞሩታል። ሪቻርድስ ላይ የተነሳው ቅሬታ የተመለሰው ለቧንቧው ቦታ በመቀነስ አይደለም፣ በመጨመር ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር፣ ሌሎቹ ከስክሪናቸው ቀና አሉ።

ኃላፊው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ካን በ1974 ከሕንድ ሲመለስ ኒው ዮርክ ባቡር ጣቢያ ሽንት ቤት ውስጥ ሞተ። ቢሮው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ነበር። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ደመወዝ የምከፍላቸው ሰዎች አሉኝ። አንቺም አለሽበት።»

መልስ አልነበረኝም። ክፍሉ ከፕላኑ ወጣ።

ቤት ገብቼ ግን አሰብኩበት። ካን ዕዳ ውስጥ የገባው ለማሽን ክፍል ቦታ በመስጠቱ አይደለም። አንድን ፕላን ደጋግሞ እየጣለ እንደገና የሚጀምር ሰው ነበር፣ ጊዜውና ገንዘቡ በዚያ አለቀ። ሁለቱ ነገር ለየቅል ነው። የሰውዬውን አሟሟት አንስቶ የጥገና ሠራተኛውን በር መዝጋት ልክ አይመስለኝም። ያን ቀን ይህን ማለት ነበረብኝ የሚለው ሐሳብ አይለቀኝም።

ክሊኒኩ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ፣ በበጋው ሙቀት ግን ኮሪደሩ ላይ ውሃ ፈሰሰ። የማሽኑ ውሃ መውረጃ ተደፍኖ ኮርኒሱ ረጥቦ፣ አንዱ ቁራጭ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ሄጄ እንዳይ የተላኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው ቀድሞ «ማጣሪያውን በጊዜው ስላልቀየሩት ነው» ብሎ ነበር። አልተሳሳተም፣ ማጣሪያው በአቧራ ጠቁሮ ነበር። የክሊኒኩን የጥገና ልጅ ለምን እንዳልቀየረው ጠየቅኩት። ኮሪደሩን አሳየኝ። ግራና ቀኝ ወንበሩ በታካሚ ሞልቷል። አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ልክ ከማሽኑ ሥር ተቀምጣለች። «መሰላሌን የት ልትከለው?» አለኝ።

ሪፖርቴ ላይ ሁለቱንም ጻፍኩ፦ ማጣሪያው አልተቀየረም፤ ያልተቀየረውም ቀን ቀን ወደ ማሽኑ መድረሻ መንገድ ስለሌለ ነው። ሪፖርቱ ወደ ባለቤቶቹ ሲላክ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ማን እንዳወጣው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግን ጠየቅኩ። «ጥያቄው ለምን ፈሰሰ ነው፣ ለምን አልተቀየረ አይደለም» አለኝ። ከክፍሉ መውጣት በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው። በክፍሉ ጉዳይ ተከራክረን ተሸነፍኩ፣ የሥራ ነገር ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ግን ጥፋቱን ከእኛ ላይ አንስቶ መሰላሉን በያዘው ልጅ ላይ ጣለው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። «እና ምን ጠበቅሽ?» አሉኝና ቡናቸውን ጠጡ።

አሁን አንድ ትምህርት ቤት ጀምረናል። በመጀመሪያው ስብሰባ ኃላፊው ራሱ «የማሽን ክፍሉ ስንት ይሁን?» ብሎ ጠየቀኝ። 20 ካሬ ሜትር አልኩ። ወደ 14 አወረደው። የሜካኒካል ኢንጂነሩን ይዤ 18 ላይ ለማቆም እየሞከርኩ ነው፣ ሐሙስ እንደገና እንነጋገራለን። በሩ ከውጭ እንዲሆን ግን አልተከራከረኝም።