ዛሬ እማዬ ታበራለች

እማዬን ለአጥንት ምርመራ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ መርፌውን ከበድ ባለ ማቀፊያ ውስጥ ይዛው መጣች። "እርሳስ ነው" አለችን። እማዬ ደግሞ "እርሳስ መጻፊያ አይደል እንዴ?" ብላ አሳቀቻት። ለካ ጨረር የሚያግደው ብረት ነው።

መድኃኒቱ ቴክኒሺየም 99ኤም የሚባል ጨረር የሚለቅ ንጥረ ነገር አለበት። በደም ስር ገብቶ አጥንት ላይ ይሰበሰባል። የምርመራው ካሜራ ራሱ ጨረር አይለቅም፤ ከሰውነቷ የሚወጣውን ነው የሚለቅመው። 3 ሰዓት ያህል ጠበቅን። እሷ ውሃ ጠጥታ ሽንት ቤት፣ ተመልሳ ውሃ። እኔ ቦርሳ ጠባቂ።

የቴክኒሺየሙ ጨረር በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ግን "እስከ ነገ ሕፃን አትቀፊ" ተብላለች። አሁን ትንሹ ልጄ በሩ ላይ ቆሞ "አያቴ!" እያለ ያለቅሳል። እሷ ከሶፋው ማዶ በእጇ ትስመዋለች።