ሳንተዋወቅ ሰባት ዓመት በትዳር

ሚስቴ ጅቡቲ ናት፣ እኔ ድሬ። መሃላችን ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ አንድ ድንበር፣ ስድስት ሰዓትና ስምንት ዓመት አለ። መንገዱንና ድንበሩን ለምደነዋል። ያቃተን ስድስት ሰዓቱና ስምንት ዓመቱ ነው።

እንዴት እንደተዋወቅን ላስቀድም። ኋላ ቢሮ ውስጥ ላብ ያጠመቀኝ እሱ ጥያቄ ነውና። ክረምት ሲገባ ጅቡቲ ሰው አታስቀምጥም። ዘመድ ያለው ሁሉ ወደ ድሬና ወደ ሐረር ይወጣል። እኛ በውሃ የራሰ ፎጣ አንገታችን ላይ ጠምጥመን "ኧረ ድሬ ገደለችን" ስንል፣ እነሱ ነፋስ ሊቀበሉ ነው የሚመጡት። ሐምሌ 2014 እሷም አክስቷ ዘንድ መጣች።

እኔ ፍሪጅና ኤሲ ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ከዚራ ነው። የአክስትየው ፍሪጅ ሞተና ተጠራሁ። ቴርሞስታቱ ነው፣ የሃያ ደቂቃ ሥራ። ሦስት ቀን ተመላለስኩበት። በአራተኛው ቀን አክስትየዋ በር ላይ ቆማ፣

"አንተ ልጅ፣ ፍሪጁ ከዳነ ሦስት ቀኑ ነው። አሁን የታመመው ማነው?" አለችኝ።

ግንቦት 2015 ኒካህ ታሰረ። ቤተሰቦቿ ከጅቡቲው ጣቢያ፣ ከናጋድ፣ ባቡር ተሳፍረው መጡ። ከዚያ ቀበሌ ሄደን አስመዘገብን። ከሷ ሁለት፣ ከኔ ሁለት ምስክር ተፈራረመ። የኔው አንደኛው ከበርጫ ተነስቶ ስለመጣ ፊርማው ከሳጥኑ ወጥቶ ማኅተሙ ላይ ደርሷል። ያኔ ሳቅን። ለካ ወረቀቱ ላይ ያለው ትንሹ ችግር እሱ ነበር።

ሠርጉ ሲያልቅ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። እኔም ወደ ፍሪጆቼ። የት እንኑር የሚለው ጥያቄ በርጫ ላይ ቀረበ። ድሬ ውስጥ ሕግ የሚተረጎመው እዚያ ነው። "አቦ፣ ኢትዮጵያዊት አድርጋትና ገላግለን" አለ አንዱ። የዜግነት አዋጁን፣ ቁጥር 378/1996ን፣ ስልኬ ላይ አውጥቼ አነበብኩላቸው። ጋብቻው ሁለት ዓመት ሊሞላው፣ እሷም ከማመልከቷ በፊት አንድ ዓመት እዚህ ልትኖር ይገባል። አገራችን ሁለት ዜግነት ስለማትፈቅድ ደግሞ የጅቡቲውን ትተዋለች። ማታ በስልክ ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

"ስንት ኤሲ አለ ድሬ?" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ጅቡቲ ያለውን ታውቀዋለህ?"

አለቀ። ለኤሲ ጠጋኝ ጅቡቲ ማለት ለአሣ አጥማጅ ባሕር ማለት ነው። እኔ እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ እንዳወጣ ተወሰነ።

እስኪወጣ ግን መገናኘት አለ። እሷ ያለ ቪዛ ትገባለች፣ ፈቃዷ ግን ለተወሰነ ቀን ብቻ ናት። ለኔ ደግሞ በሄድኩ ቁጥር ቪዛ አለ። ስለዚህ በኛ በኩል ያለችው የድንበር ከተማ ደወሌ ሳሎናችን ሆነች። እሷ ከዚያ ትመጣለች፣ እኔ ከዚህ፣ ሻይ ጠጥተን በየመጣንበት እንመለሳለን። የጭነት መኪና ሹፌሮች ሁሉ ያውቁናል።

አሁን ወደ ኬኩ ልምጣ።

ባለቤቴ አማርኛ የተማረችው ከአክስቷ ነው። ጥሩ ትናገራለች። ቃላቱ በሙሉ የኛ ናቸው፣ ሰዓቱ ግን የፈረንሳይ ነው። ይህን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለመጀመሪያ ዓመታችን በዋትሳፕ ድምፅ ላከች፦ "ሐሙስ በሦስት ሰዓት ደወሌ ነኝ፣ እንዳትዘገይ!"

እኔ መዘግየት? ከዚራ ካለ ኬክ ቤት ነጭ ክሬም ያለው ኬክ አዘዝኩ። በቀይ "እንኳን ለ1ኛ ዓመታችን አደረሰን" አስጻፍኩበት። በረዶ የሞላ አይስ ቦክስ ውስጥ ከተትኩት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። አይስ ቦክሱን ጭኔ ላይ ይዤ፣ የመሣሪያ ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ። (ያለ ካቻቢቴና ፒንሳ ከቤት አልወጣም። ሠርጌም ላይ ኪሴ ውስጥ ቴስተር ነበር።)

ከሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ በፊት ደወሌ ገባሁ። ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። ስልኳ አይነሳም። "መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የግንቦት ፀሐይ ግን የሚያጽናና ፀሐይ አይደለም። አምስት ሰዓት ላይ አይስ ቦክሱን ከፈት ሳደርግ በረዶው ውሃ ሆኖ ኬኩ ደሴት መስሏል። ከጽሑፉ "እንኳን" የሚለው ወደ ግራ መሰደድ ጀምሯል።

ሮጬ ሻይ ቤት ገባሁ። "እናቴ፣ ፍሪጅ አለሽ?"

"አለኝ እንጂ!" አለች ባለቤቷ በኩራት። ከፈተችው። ላይኛው መደርደሪያ የሴት ጫማ። መካከለኛው የልጆች ደብተር። ታች ሽንኩርት።

"ከሞተ ዓመት አልፎታል" አለች። "እንደ ቁምሳጥን ግን በጣም ጥሩ ነው።"

ሐኪም መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ቢያይ ያልፋል? ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጫማውን አውጥቼ በረንዳው ላይ ደረደርኩ። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ከኋላው የአይጥ ቤተሰብ ወጣ። ሽቦውን በልተውታል፣ ሪሌውም ተቃጥሏል። ሪሌ ቦርሳዬ ውስጥ አለኝ። ሻይ ሊጠጡ የገቡ ሹፌሮች ሁሉ ተሰብስበው አማካሪ ሆኑ። አንዱ "ጋዝ ነው ያለቀው" ይላል። ሌላው "ኮምፕሬሰሩ ነው፣ ተወው" ይላል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ምንም ሳይሉ የእጅ ባትሪ ይዘው አበሩልኝ። ከሁሉም የረዱኝ እሳቸው ናቸው። ድሬ ልጅ አንቱ አይልም ይባላል፣ ለእሳቸው ግን ወጣኝ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰካሁት። ፍሪጁ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ "ግርርር" አለ። ተጨበጨበልኝ። ኬኩን አስገባሁት። ማለቴ የቀረውን። ጽሑፉ ውስጥ በደህና የሚነበበው "1ኛ" ብቻ ነበር። ሌላው ቀይ ወንዝ ሆኖ ጥግ ይዟል።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት አንዲት ሴት ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ሂና የተቀባች፣ ሽቶዋ ከናፍጣው በላይ የሚሸት። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን ብሎን አጠብቃለሁ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ግራሶ ነው።

"ስድስት ሰዓት ዘገየሽ!" አልኳት።

"አንድ ደቂቃ አልዘገየሁም!" ሰዓቷን አሳየችኝ። በሷ ሰዓት ሦስት ነው። የኔ ስልክ ዘጠኝ ይላል። ጠዋቱን ሙሉ ፋርማሲ ስትሠራ ነበር፣ ሥራ ላይ ስልክ አታነሳም።

ሻይ ቤቷ ሴትዮ የስድስት ሻይ ሒሳብ አልቀበልም አለች። በስልኬም ፎቶ አነሳችን። እኔ ጥቁር፣ ሚስቴ ነጭ ሻሽ፣ መሃላችን በማንኪያ የሚበላ ኬክ፣ ከኋላ የተከፈተ ፍሪጅ፣ ከፊት የተደረደረ ጫማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንቀጣጠር ሰላምታ ሳይቀድም "የማን ሦስት?" እንባባላለን።

ሰዓቱን በዚህ አስታረቅነው። ዓመቱ ቀረ።

ኅዳር 2017 ፋይላችን ተሟልቶ ቀጠሮ ደረሰን። ቪዛዬን ይዤ በባቡር ናጋድ ወረድኩ። ለክብር ብዬ ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ፊት ተቀመጥን። ወግ የጀመርነው በሶማሊኛ ነው፣ የድሬ ልጅ ስለሆንኩ እሱ አያስቸግረኝም። ስሙም አላስቸገረን። እነሱም እንደኛ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብለው ነው የሚጠሩት። አሜሪካ ያሉ ጓደኞቼ "የቤተሰብ ስም" የሚለው ሳጥን ፊት ነው ፀጉራቸው የሸበተው።

"መቼ ተዋወቃችሁ?" አለ ሰውየው።

"በ2022 ክረምት" አልኩ። በፈረንጅ መቁጠር ተለማምጄ ነው የሄድኩት፣ ኮራ አልኩ።

የጋብቻውን ወረቀት አነሳ። ድሬ፣ ትርጉም ቤት ያስተረጎምኩት ነው። አየው። እንደገና አየው።

"የተጋባችሁት በ2015 ነው።"

"አዎ!" አልኩ።

"እንግዲያው ሳትተዋወቁ ሰባት ዓመት በትዳር ኖራችኋል።"

ሚስቴ እግሬን ረገጠችው። ተርጓሚው ግንቦትን ሜይ ብሎታል፣ ዓመቱን ግን እንዳለ ትቶታል። አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ሰውየው ወደሷ ዞረ።

"ቤተሰቦችሽ ሠርጉ ላይ ነበሩ?"

"ነበሩ። በባቡር ነው የመጡት።"

"በየትኛው ባቡር? አዲሱ ሥራ የጀመረው በ2018 ነው።" ብዕሩን አስቀመጠ። "ከባቡሩ በሦስት ዓመት ቀድመው ደርሰዋል ማለት ነው።"

ከዚያ ፓስፖርቴን ከወረቀቱ ጎን አስተኛ። ፓስፖርቱ 1990 ተወለደ ይላል፣ ወረቀቱ 1982። ሙሉ ልብሱ ውስጥ ያለሁት እኔ ቀለጥኩ፣ እንደ ኬኩ። አሥራ ሦስት ወር እንዳለን፣ መስከረም ላይ ሰባት እንደሚበልጡን፣ ከታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮ ስምንት እንደሚሆን አስረዳሁ። "ድሬዳዋ ራሷ ሁለት ልደት አላት! ባቡር የደረሰው በናንተ 1902 ነው፣ በኛ 1895!" አልኩ። ይህ ለምን እንደሚጠቅመኝ ግን እኔም አላውቅም።

ሰውየው ዝም ብሎ ጨረሰኝ። ከዚያ በጥርት ያለ አማርኛ፣

"አቦ፣ አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት ድሬ፣ መጋላ ነበር የማሳልፈው። እኔ አውቃለሁ፣ ወረቀቱ ነው የማያውቀው" አለኝ።

ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲህ መቀለድ ነበረበት ወይ? እስካሁን አልወሰንኩም። አስተርጉመን እንድናመጣ ነግሮን ፋይሉን ሲዘጋ የደወሌው ፎቶ ሾልኮ ወጣ። አነሳው። ጫማውን ቆጠረ መሰለኝ።

"ፍሪጁ ሠራ?"

"ሠራ።"

"እሺ" ብሎ መለሰው።

ድሬ ተመልሼ ትርጉም ቤት ገባሁ። "ዓመቱን ሁሉ ወደ ፈረንጅ ቀይርልኝ" አልኩት። "ሁሉ" ማለቴ ነው ጥፋቱ። ልጁ ታማኝ ነው፣ ሁሉንም ቀየረ። ጋብቻችን 2023 ሆነ፣ ልክ ነው። ልደቴ 1990 ሆነ፣ ልክ ነው። የሚስቴ ልደት ግን ከፓስፖርቷ ስለተገለበጠ መጀመሪያውኑ በፈረንጅ ነበር፣ 1992። እሱንም ስምንት ጨመረበትና 2000 አደረሰው።

በመጀመሪያው ትርጉም እኔ ስምንት ዓመት አርጅቼ ነበር። በሁለተኛው እሷ ስምንት ዓመት ታናሽ ሆነች። ፎቶ አንስቼ ላኩላት። አሥር ደቂቃ መልስ የለም። ከዚያ የድምፅ መልእክት መጣ፦

"ይኼኛው ጥሩ ነው። ምን ችግር አለው?"

ችግሩን አስረዳኋት። ሦስተኛ ተተረጎመ፣ ገባ፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። ሁለተኛውን ግን ላክልኝ ብላ ተቀበለችኝ፣ እምቢ ብላም አስቀረችው። ላሚኔት አስደርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች።

ባለፈው ደወሌ ተገናኘን። ሦስት ሰዓት፣ የሷ ሦስት። ፍሪጁ አሁንም ይሠራል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶበታል፣ ጫማው አልጋ ሥር ሄዷል። እጄን ታጥቤ ስገባ ሚስቴ ያችን ወረቀት ለሻይ ቤቷ ሴትዮ እያሳየች ነው። ሴትዮዋ ልደቱን በጣቷ ተከተለች። ወረቀቱን አየች፣ ሚስቴን አየች፣ ቀና ብላ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ውይ፣ ለዚህ ሽማግሌ ነው የዳሩሽ?" አለቻት።