በስኬትቦርድ ማሳደድ ትዕይንት ተዋናዩንና ተኪውን አንድ ሰው ማስመሰል

እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው «ግሊሚንግ ዘ ኪዩብ» በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ የሚኖር ስኬትቦርድ ነጂ ወጣት የቬትናማዊ የማደጎ ወንድሙን ገዳዮች ሲከታተል የሚያሳይ የወንጀል ፊልም ነው። መሪ ተዋናዩ ክርስቲያን ስሌተር ቢሆንም ከባድ ከባዱን የስኬትቦርድ እንቅስቃሴ እሱን ተክተው የሠሩለት ሮድኒ መለንና ማይክ ማክጊል ናቸው። የስኬትቦርዱን ቀረጻ የመራው ስቴሲ ፔራልታም ራሱ ስመ ጥር ነጂ ነበር። እኔ ይህን ፊልም እያቆምኩ የማየው ስፌቱን ፍለጋ ነው፤ ስሌተር የት ላይ አብቅቶ ተኪው የት ላይ እንደሚጀምር። የአጭር ፊልሜን የማሳደድ ትዕይንት የቀረጽኩትም ከዚያ በተማርኩት መንገድ ነው።

ተኪ ስመርጥ ከፊትና ከቁመት በፊት እግር አያለሁ። አንዳንዱ ግራ እግሩን አስቀድሞ ይቆማል፣ አንዳንዱ ቀኙን። የሁለቱ ካልገጠመ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እየሄዱ አንዱ ደረቱን ለካሜራ ሲሰጥ ሌላው ጀርባውን ይሰጣል። ምስሉን በኤዲቲንግ መገልበጥም አያዋጣም፤ የሱቁ ጽሑፍና የመኪናው ታርጋ አብረው ይገለበጣሉ። ሌላው መሬት የሚገፋው እግር ነው። የለመደ ነጂ በኋለኛው ይገፋል፣ ጀማሪ ተዋናይ ግን ብዙ ጊዜ በፊተኛው። ይህን ቀድሞ ማረም ያስፈልጋል። ለተዋናዩ መግፋት፣ ቀጥ ብሎ መሄድና መውረድ ይበቁታል።

ከተዋናዩ ምስል ወደ ተኪው የምሻገርበትን ቆረጣ ዝላዩ አናት ላይ አላደርገውም። ተዋናዩን ከወገብ በላይ ሲገፋ አሳይቼ፣ ለመዝለል የሰሌዳው (የስኬትቦርዱ) ጭራ መሬት በሚመታባት ቅጽበት ወደ ተኪው እግር እገባለሁ፤ ከዚያ ከኋላ ሰፊ ምስል። ሲያርፍ ወደ ተዋናዩ ስመለስ ጉልበቱን አጥፎ ሰሌዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ «ቀጥል» ሲባል ቀና ይላል። ቆሞ ከጀመረ ማረፉን ማንም አያምንም። ሰሌዳውን በእጁ የሚያነሳበት ቀረጻ ካለ የተኪውን ሰሌዳ አስይዘዋለሁ፤ የተኪው ሰሌዳ የታችኛው ገጽ ሥዕል በመፋቁ አዲስ ሰሌዳ ወዲያው ያሳብቃል።

ለተኪው ዲያሜትሩ 52 ሚሊ ሜትር፣ ጥንካሬው 99ኤ የሆነ ጎማ ይሻላል (ቁጥሩ ከፍ ሲል ጎማው ይጠነክራል)፤ በሌላ ሰሌዳ እየተከተለ ለሚቀርጸው ካሜራማን ደግሞ 60 ሚሊ ሜትርና 78ኤ። ለስላሳው ጎማ የአስፋልቱን ንዝረት ይውጣል። በጠንካራው ከተቀረጸ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ማይክ ውስጥ ይገባል። ጠንካራው ጎማ ትንሽ ጠጠር ካገኘ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ነጂው ግን አይቆምም። ስለዚህ መንገዱ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት በመጥረጊያ ይጠረጋል። በአንድ ሰሌዳ 8 ኩሽኔታ አለ፣ ቁጥሩ 608፤ ውሃ ከነካው ይዝግና ይንጫጫል፣ አንድ ሙሉ መለዋወጫ መያዝ ግድ ነው።

ፊሽ አይ ሌንስ (በጣም ሰፊ እይታ ያለው፣ ምስሉን የሚያጎብጥ ሌንስ) የሚያምረው ነጂው ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ሲሆን ነው፤ ካሜራውን ከላይ በእጀታው ይዞ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማውረድ። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ የተለመደው ሹተር፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ፣ 1/48 ሰከንድ ነው። ሰሌዳው አየር ላይ ሲገለበጥ ግን ስለሚደበዝዝ ወደ 1/100 አወጣዋለሁ። በ60 ፍሬም ቀርጾ በ24 ማጫወት 2.5 ጊዜ ያዘገያል፤ ማሳደድ ላይ አልወደውም፣ የሚሸሸው ሰው የማይቸኩል ይመስላል።

አሳዳጁን መኪና በተመለከተ፦ ዝግ መኪና ማቆሚያ፣ ቀስ ያለ ፍጥነት፣ ከፊት ለፊት ደግሞ 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ። ረጅም ሌንስ ርቀቱን ስለሚያጣብቅ 15 ሜትር ወደኋላ ያለው መኪና ተረከዙ ላይ የደረሰ ይመስላል። ሰሌዳ ላይ ሆኖ የመኪናውን መከላከያ (ባምፐር) ይዞ መጎተት በፍጹም አይሞከርም።

ድምፁን ለብቻ እቀዳለሁ። ተኪው ካሜራ ሳይኖር በዚያው መንገድ ላይ እንደገና ይነዳል፣ የነፋስ መከላከያ የለበሰው መቅጃ ዝቅ ብሎ ይከተለዋል። ቦታው የግድ ያው መሆን አለበት፤ ጎማው የኮንክሪቱን ክፍተት ሲሻገር የሚያሰማው ቀጭታ ምስሉ ላይ ከሚታየው ክፍተት ጋር ካልገጠመ ጆሮ ቶሎ ይይዘዋል።