የ147,573,952,589,676,412,927 አካፋዮችን እንዴት አወጣሁ

ይህ ባለ 21 አሃዝ ቁጥር 2⁶⁷ − 1 ነው። በሁለትዮሽ ሲጻፍ 67 አንዶች ብቻ ይደረደራሉ። ማሪን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብሎ ዘረዘረው፤ ኤድዋር ሉካስ በ1876 አለመሆኑን አረጋገጠ፣ አካፋዩን ግን አላገኘም። በ1903 ሁለቱን አካፋዮች ያቀረበው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው፣ ያውም ያለ ኮምፒውተር። እኔ በላፕቶፕ ፈለግኋቸው።

በጭፍን ማካፈል አያዋጣም። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት 12.1 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ፣ 2 የማያካፍላቸውን ብቻ ብንሞክር እንኳ ስድስት ቢሊዮን ማካፈል ይጠብቀናል። የሚያድነን 67 ራሱ ፕራይም መሆኑ ነው። ፕራይሙ ቀ ቁጥራችንን ካካፈለ፣ 67 የቀ − 1 አካፋይ መሆን አለበት፤ ቀ − 1 ደግሞ ለ2 ይካፈላል። ስለዚህ እጩ ሁሉ 134 × ተ + 1 ነው (ተ ሙሉ ቁጥር ነው)። በተጨማሪም እጩው ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ስለሆነ፣ ተ ለ4 ሲካፈል 0 ወይም 1 የማይተርፈውን ሁሉ ጣልኩ። ለ3፣ ለ5 እና ለ7 የሚካፈሉ እጩዎችንም አስወጣሁ። እስከ መጀመሪያው አካፋይ ድረስ ከነበሩት 1,445,580 እጩዎች የቀሩት ወደ 330 ሺህ ብቻ ናቸው።

ለእያንዳንዱ እጩ ትልቁን ቁጥር መንካት አያስፈልግም፤ 2⁶⁷ ለቀ ሲካፈል 1 ከተረፈ አበቃ። 67 በሁለትዮሽ 1000011 ነው። ከ2 ተነስቶ በእያንዳንዱ ቀጣይ አሃዝ ካሬ ማድረግ፣ አሃዙ 1 ከሆነ ደግሞ በ2 ማባዛት፣ ሁልጊዜም ቀሪውን ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ተ = 1,445,580 ላይ ቀ = 193,707,721 ይሆናል። 2³³ = 8,589,934,592፣ ቀሪው 66,794,868። የዚህ ካሬ 4,461,554,391,137,424፣ ቀሪው 96,853,861። በ2 ሲባዛ 193,707,722፣ ማለትም ከቀ በ1 ይበልጣል። ተገኘ።

ነገሩ የሚበላሸው በቁጥር ዓይነት ነው። የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ያለ ስህተት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,992 ስለሆነ፣ ከ94.9 ሚሊዮን በላይ ባሉ እጩዎች ካሬው ሊጠጋጋ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። 193,707,721 ከዚህ ስህተት የሚያመልጠው ቀሪዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ነው፣ በዕድል እንጂ በፕሮግራሙ ትክክለኛነት አይደለም። ኤክሴል 15 አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ ቁጥሩን 147573952589676000000 ያደርገዋል። በጃቫ ባለ 64 ቢት ሎንግ (የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ሁለቱን አካፋዮች ካባዛችሁ ደግሞ መልሱ −1 ይወጣል! ፓይተን የሙሉ ቁጥር ገደብ ስለሌለው እሱን መረጥኩ።

ሁለተኛው አካፋይ 761,838,257,287 ነው። ብዜቱን በወረቀት ለማረጋገጥ ይህን አካፋይ ስድስት ስድስት አሃዝ አድርጌ ለሁለት ቆረጥኩት፦ 193,707,721 × 257,287 = 49,838,478,412,927፣ 193,707,721 × 761,838 = 147,573,902,751,198። ሁለተኛውን ስድስት ዜሮ ጨምሮ ከመጀመሪያው ጋር መደመር ነው። በ9 መፈተሽ (የአሃዞቹ ድምር 37፣ 64 እና 109፣ የሁሉም ቀሪ 1) ቦታ የተለዋወጡ አሃዞችን አይዝም። በ11 መፈተሽ ግን ጎን ለጎን የተለዋወጡትን ይይዛል፦ የአካፋዮቹ ቀሪ 9 እና 8፣ ብዜታቸው 72 ስለሆነ 6 ይተርፋል፤ ከትልቁ ቁጥርም የሚተርፈው 6 ነው።

ፍለጋውን ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ማድረግ አንድ ሥራ ያስቀራል። የ761,838,257,287 ፕራይም አካፋይ ሁሉ የትልቁም ቁጥር አካፋይ ነው፤ ከ193,707,721 በታች ደግሞ ምንም አልተገኘም። ስኩዌር ሩቱ ገና 872,833 ገደማ ስለሆነ፣ ሌላ ስሌት ሳይጨመር ፕራይም ነው።