ጉንፋን ይዞሽ ነበር?

ዘፈን እጽፋለሁ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሴ ነኝ የምሠራው። የምቀዳው ደግሞ ቤቴ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቴ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አሳታሚም ፕሮዲውሰርም የለኝም። 9 ዘፈኖች ያሉት አልበም በራሴ ለማውጣት ከተነሳሁ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይሄ የደረሰብኝ 4ኛውን ዘፈን ስሠራ ነው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ዜማ ሲመጣልኝ መጀመሪያ በስልኬ አንጎራጉሬ እቀዳዋለሁ። ያቺን ቅጂ ለማንም አላሰማትም፤ አላጠፋትምም። ዘፈኑ ሲወለድ ምን ስሜት እንደነበረው የምታስታውሰኝ እሷ ናት። ከዛ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣ ክሊኩን፣ ማለትም ፍጥነት የሚጠብቅልኝን ምት፣ በሄድፎን እየሰማሁ ጊታሩን እቀዳለሁ። በላዩ ላይ ድምፄን። ዴሞ የምለው ይሄንን ነው። ሌሎቹ ሙዚቀኞች በየቤታቸው ሆነው የሚጫወቱት በሱ ላይ ስለሆነ አጥብቄ እጠነቀቅለታለሁ።

ለምሳሌ ስዘፍን በልብስ የታጨቀውን ቁም ሳጥን ከፍቼ ከጀርባዬ አደርገዋለሁ። ብዙ ሰው ብርድ ልብሱን የሚሰቅለው ከማይኩ ጀርባ ነው። የኔ ዓይነቱ ካርዲዮይድ ማይክ ግን አጥርቶ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው። ከፊቱ ያለነው ደግሞ እኔና ከኔ ጀርባ ያለው ግድግዳ ነን። የክፍሉ ማስተጋባት ተመልሶ ማይኩ ውስጥ የሚገባው ከዛ ግድግዳ ስለሆነ ልብሱ መሆን ያለበት እዛ ነው። ከማይኩ አንድ ስንዝር ያህል እርቃለሁ። ከፍ አድርጌ የምዘፍንበት ቦታ ላይ የድምፁ ልኬት -12 ዴሲቤል አካባቢ (ጣሪያው 0 ነው) እንዲቆም አድርጌ አስተካክላለሁ። በ24 ቢት፣ ማለትም ዝቅ ያለውንም ድምፅ አጥርቶ በሚይዝ ልኬት፣ ስለምቀዳ ዝቅ አድርጎ መቅዳት ምንም አይጎዳኝም። 0 ደርሶ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን ምንም ብታደርጉት አይመለስም።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ግዴለሽ እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። ማይኩን፣ ክፍሉን፣ ጊታሬን፣ ጉሮሮዬን ሳይቀር አረጋግጬ ነበር።

ዴሞው ሲያልቅ ለቤዝ ተጫዋቹ ላክሁለት። በአካል ተገናኝተን አናውቅም። የሰዎችን ሥራ ከቤቱ እየሠራ የሚኖር፣ ከኔ በጣም የቆየ ሙዚቀኛ ነው። ከፋይሉ ጋር አጭር ማስታወሻ አያያዝኩ። ቴምፖ፣ ማለትም ፍጥነቱ፣ በደቂቃ 96 ምት፤ ኪይ፣ ማለትም ዘፈኑ የተቃኘበት ኖታ፣ ዲ ማይነር። ኖታዎቹ ከታች ወደ ላይ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ዲ ሻርፕ፣ ኢ እያሉ በግማሽ ቶን፣ ማለትም በትንሿ የድምፅ ደረጃ፣ ከፍ ይላሉ።

ማታ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ኪዩ ምንድን ነው ያልሽኝ?»

«ዲ ማይነር።»

«ፋይሉ ላይ የምሰማው እሱን አይደለም። ሲ ሻርፕ ነው እንዳልል ከሱም ይወርዳል። ሲ ነው እንዳልል ደግሞ ከሱ ይወጣል። መሃል ቤት ነው ያለው።»

«ጊታሬን በቱነር ነው የቃኘሁት» አልኩት፤ ቱነር ኖታውን ለክቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

ትንሽ ዝም አለ። ከዛ፣ «ስትቀጂ ጉንፋን ይዞሽ ነበር እንዴ? ድምፅሽ ከበድ አለብኝ» አለኝ።

ደህና ነኝ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ትንሽ ቆርቁሮኝ ነበር። ያንን ድምፅ ለማግኘት ስንት ቀን እንደደከምኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ደክሞኝም ነበር፤ ዘፈኑ ቶሎ እንዲያልቅልኝም ፈልጌያለሁ። «ኪዩ ዲ ማይነር ነው፤ በሱ ተጫወትልኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ከ3 ቀን በኋላ ፋይሉ መጣ። በመቅጃ ፕሮግራሙ፣ የዘፈኑ ፕሮጀክት ውስጥ ከዜሮ ጀምሬ አስቀመጥኩትና ማጫወቻውን ነካሁት።

ሪትሙ ልክ ነው። እንዲያውም ግሩም ነው፤ እያንዳንዷ ምት ቦታዋ ላይ ናት። ኪዩ ግን ጆሮ አያስቀምጥም። ሁለት ሰዎች ግድግዳ ተለያይተው ሁለት ዘፈን የሚጫወቱ ይመስላል። ጊታሬን አጥፍቼ ቤዙን ብቻውን በቱነር ለካሁት። ከዲ ከፍ ብሎ፣ ዲ ሻርፕንም አልፎ፣ ኢ ሳይደርስ ቆሟል። የትኛውም ኖታ ላይ የለም።

መልእክት ጻፍኩለት። አሁን ሳስበው የሚያመኝ ያ መልእክት ነው። «ከኪይ ወጥቷል። እባክህ ቤዝህን በደንብ ቃኝተህ እንደገና ቅዳልኝ» አልኩት። ዕድሜውን ሙሉ ቤዝ ለያዘ ሰው።

መልሱ አጭር ነበር። «እሺ፣ እቀዳለሁ። መጀመሪያ ግን የላክሽልኝን ፋይል ስልክሽ ላይ ክፈቺና ስሚው። ከፕሮግራሙ አይደለም፤ ከስልክሽ።»

ከፈትኩት።

ድንጋዩ ሲያልቅ የሚጎተት ካሴት ማጫወቻ ታውቃላችሁ? ያ ነው። በደንብ ካልተዘጋጁበት አያስታውቅም፤ በጣም የተጎተተ አይደለም። የኔ ድምፅ ነው፤ ግን የደከመው፣ ከኔ በዕድሜ የሚበልጥ የኔ ድምፅ። ጊታሬን አንስቼ አብሬው ልጫወት ብል የትኛውም ኮርድ አልገጥም አለኝ። ቤዝ ተጫዋቹ የነገረኝ መሃል ቤት እዚሁ ጆሮዬ ላይ ነው። «ጉንፋን ይዞሽ ነበር?» ያለኝ ሰው የሰማውን በትክክል ነበር የነገረኝ። እኔ ስለ ጤናዬ የጠየቀኝ መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ፕሮጀክቱን ከፍቼ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልኬ ሰዓት ለካሁት። 4 ደቂቃ። የላክሁት ፋይል ርዝመት ግን 4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይላል። አንድ ዘፈን፣ ሁለት ርዝመት። 240ን ለ261 ሳካፍለው 0.919 አካባቢ መጣ። ቀረጻ ላይ ለቆየ ሰው ይሄ ቁጥር የታወቀ ነው። 44,100 ለ48,000 ሲካፈል የሚመጣው እሱ ነው።

ነገሩን ላላገኛችሁት በአጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ድምፅን የሚይዘው በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ነው። ለሲዲ የተለመደው በሰከንድ 44,100 ጊዜ ነው፤ ለቪዲዮ ደግሞ 48,000። ይሄ ነው ሳምፕል ሬት የሚባለው። ፋይሉ መጀመሪያው ላይ «በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ የተለካሁ ነኝ» የሚል መግለጫ ይይዛል። መግለጫው ከተሳሳተ ልኬቶቹ ምንም ሳይጎድሉ ፍጥነታቸው ብቻ ይቀየራል። በ48,000 የተለካ አንድ ሰከንድ «44,100 ነኝ» ብሎ ሲጫወት ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ዘፈኑ ይረዝማል፤ ድምፁም አንድ ተኩል ግማሽ ቶን ገደማ ይወርዳል። ዲ ከሲ ሻርፕና ከሲ መሃል የወደቀው በዚህ ነው።

ከየት መጣ? ከሁለት ሳምንት በፊት ለአንድ ቪዲዮ ጽሑፍ አንብቤ ነበር። የቪዲዮ ሥራ ስለሆነ ሳውንድ ካርዴን፣ ማለትም ድምፅ ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባውንና የሚያወጣውን መሣሪያ፣ በራሱ መቆጣጠሪያ 48,000 ላይ ቆልፌዋለሁ። ከዛ አልመለስኩትም። የዘፈኑ ፕሮጀክት 44,100 ነበር። ፕሮግራሙ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መስኮት ብቅ ማለቱ ትዝ ይለኛል። ዜማው አእምሮዬ ውስጥ ሞቆ ነበርና እንዳይጠፋብኝ ሳላነብ ዘጋሁት።

ይሄ ስህተት ክፉ የሚሆነው በራስ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ ስለማይሰማ ነው። ሲቀዳም ሲያጫውትም ካርዱ በዛው በ48,000 ነው የሚሠራው። ሲገባ የተሳሳተው ሲወጣ በዛው ልክ ይስተካከላል። ሄድፎኔ ውስጥ ጊታሬ ዲ ነው፤ ድምፄም ድምፄ ነው። ክሊኩ እንኳን አብሮ ተሸውዷል። ስክሪኑ ላይ 96 ይላል እንጂ ጆሮዬ ላይ የሚመታው 104.5 ገደማ ነበር። ቴምፖውን የመረጥኩት ቁጥሩን አይቼ ሳይሆን በጆሮዬ ስለነበር አልጠረጠርኩም። ፋይሉ ከክፍሌ ሲወጣ ነው እውነቱ የሚታየው።

የቤዙም እንቆቅልሽ ከዚህ ተፈታ። እሱ የላክሁለትን ሲሰማ ቴምፖው በእርግጥ 96 ነው፤ ማስታወሻዬ ልክ ነው። ኪዩ ግን ዲ አይደለም። ድርቅ ብዬ «ዲ ነው» ስላልኩት ፍጥነቱን ሳይነካ ዴሞዬን በፕሮግራም ወደ ዲ ከፍ አድርጎ በሱ ላይ ተጫወተ። ያ ንጹሕ ዲ ወደኔ ሲመጣ ካርዴ አፍጥኖ ከዲ በላይ ሰቀለው። ሪትሙ የገጠመው፣ ኪዩ የሸሸው ለዚህ ነው። ጆሮውን አምኖ ቢጫወት ኖሮ ኪዩ ይገጥም ነበር። ያልገጠመው እኔን ስላመነ ነው።

በጠዋት ደወልኩለት። ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ነገርኩት። ከዛ ስለ መልእክቴ ይቅርታ ጠየቅሁት። የሠራበትን ቀን እንደ ሙሉ ሥራ ቆጥሬ እንደምከፍለውም ነገርኩት፤ ስህተቱ ከኔ ወጥቶ ድካሙ እሱ ላይ እንዲቀር አልፈለግሁም። እሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው። «ሌሎቹስ ዘፈኖች?»

የመጀመሪያዎቹ 3 ደህና ነበሩ። ከቪዲዮው በኋላ የቀዳኋቸው ግን ሦስቱም ተበላሽተዋል፤ 4ኛው፣ የ5ኛውና የ6ኛው ዴሞዎች። ደግነቱ ልኬቱ ራሱ ምንም አልጎደለም። የተሳሳተው መግለጫው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ለሚገጥማችሁ አንድ ነገር ልበል፤ ፋይሉን ወደ 48,000 «ኮንቨርት» እንዳታደርጉት። ኮንቨርት ስታደርጉት ፕሮግራሙ የተጎተተውን ድምፅ እንደተጎተተ አድርጎ ነው የሚያስተላልፈው። መደረግ ያለበት ልኬቱን ሳይነኩ መግለጫውን ብቻ ማረም ነው። የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ይሄን ይችላሉ። መጀመሪያ ኮፒ አድርጌ፣ በኮፒው ላይ ሠራሁት። አዲስ ፕሮጀክት በ48,000 ከፍቼ ቴምፖውን 104.5 አካባቢ አስተካከልኩ። 5ኛውና 6ኛው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ።

4ኛውን ግን አልመለስኩትም። የቤዙን ፋይል በራሱ ፍጥነት፣ በ96፣ በዲ ሰማሁት። ብቻውን። ያ ቤዝ ይተነፍሳል። በመስመሮቹ መሃል እኔ ያልተውኩት ቦታ አለ። ግጥሙ ሰውን ስለ መጠበቅ ነው፤ እኔ ደግሞ እየተቻኮልኩ ነበር የዘፈንኩት። ጊታሩንም ድምፄንም ከሱ ቤዝ በታች፣ እሱን እየሰማሁ እንደ አዲስ ቀዳሁ። ካሉኝ 9 ዘፈኖች ዛሬ ደጋግሜ የምሰማው ይሄኛውን ነው።

አሁን ፋይል ከመላኬ በፊት የማደርገው አለ። በእያንዳንዱ ዴሞ መጀመሪያ ላይ 5 ሰከንድ ንጹሕ ኤ ኖታ አስገባለሁ፤ በሰከንድ 440 ንዝረት። ይሄ ድምፅ ከፕሮግራሙ ሳይሆን በስልኬ ተጫውቶ በማይክ የተቀዳ መሆን አለበት። ፕሮግራሙ ራሱ የሚፈጥረው ከሆነ ከስህተቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ምንም አይናገርም። ፋይሉን ካወጣሁ በኋላ ወደ ሌላ መሣሪያ ወስጄ በቱነር እለካዋለሁ። 404 አካባቢ ካሳየኝ ያ የድሮ ስህተት ተመልሷል ማለት ነው። ማስታወሻዬ ላይም ከቴምፖና ከኪይ ቀጥሎ ሳምፕል ሬቱን እጽፋለሁ። የማስጠንቀቂያ መስኮት ሲመጣ ደግሞ ዜማው ቢጠፋም እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ዜማው እስካሁን ጠፍቶ አያውቅም።

ሰዎች ዴሞዬን ሰምተው የሚሉኝንም አሁን በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። ሁሉም ሰው ሳምፕል ሬት ብሎ አይነግራችሁም። «ደክሞሽ ነበር?» ይላሉ። «ክፍሉ ትልቅ ነው እንዴ?» ይላሉ። «የሆነ ነገር ይከብዳል» ይላሉ። ድሮ መልስ እሰጥ ነበር። አሁን እጽፈውና ሄጄ አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት የ7ኛውን ዘፈን ቤዝ ላከልኝ። ከፈትኩት። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት፣ እኔ ሳልጠይቀው፣ ክፍቱን ኤ ገመድ አንድ ጊዜ መትቶ እስኪጠፋ ድረስ ለቆታል። ስልኬን አውጥቼ ለካሁት። 55፤ ልክ የቤዝ ኤ።