ጎመን፣ ውኃና ከሰል

በጎንደር ዳርቻ፣ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ሰፈሮች ሰው ለምን አትክልት አዘውትሮ አይበላም ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «የግንዛቤ ችግር ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም። ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ የዐቢይን ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ርቆ የሚከርም ሰው ጎመን ምን እንደሚጠቅም አስተማሪ አያሻውም። ምሳው ላይ ዘወትር ሽሮ የሚቀርብበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ሽሮ በጣሳ ተቀምጦ ወራት ይቆያል፣ አይታጠብም፣ አይለቀምም፣ በጥቂት ከሰልም ይደርሳል። ጎመን ግን በመጀመሪያ ውኃ ይፈልጋል።

ውኃችን ደግሞ በፈረቃ ነው። ከተማዋ ለረጅም ዘመን የተመካችበት የአንገረብ ግድብ ከተራቆተው ተፋሰስ በጎርፍ የሚገባው ደለል ውኃ የመያዝ አቅሙን ቀንሶበታል፤ የነዋሪው ቁጥር ግን በየዓመቱ ይጨምራል። ከፍታ ላይ ያለ ቤት ፈረቃው ደርሶም ቧንቧው አየር ብቻ ሲተነፍስ ይውላል። በጀሪካን ገዝቶ ለሚጠጣና ለሚያበስል ቤተሰብ አንድ እስር ጎመን ሦስት ጊዜ ማጠብ ማለት ከመጠጡ መቀነስ ማለት ነው። ስለዚህ እናቶች የሚያደርጉትን ስሌት አላዋቂነት ብሎ መጥራት ነውር ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር ገበያው ነው። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ከወገራና ከዳባት በሰሜኑ መንገድ ይመጣሉ፤ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ከፎገራ ሜዳ በደቡብ በኩል ይገባሉ። የዳባቱን ድንች የጫነው መኪና በደጃችን አልፎ መሀል ከተማ ያራግፋል፤ ያው ድንች ከቅዳሜ ገበያ በባጃጅ ተጭኖ፣ የነጋዴ ትርፍና የመጓጓዣ ዋጋ ተጨምሮበት ወደ እኛ ይመለሳል። የፎገራው ቲማቲም እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ እጅ ስለሚያልፍ ግማሹ ፈርጦ ነው የምናገኘው። ሰፈራችንን ከዚህ ሁሉ የሚያድኑት ጉልት የሚውሉ ሴቶች ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ለሁለት ራስ ሽንኩርት ከተማ መውረድ ግድ በሆነ ነበር።

ከጉልቶቹ አንዷን ሁላችንም እትዬ እያልን እንጠራቸዋለን። ቆስጣውን በርጥብ ጆንያ ሸፍነው፣ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረው ይቀመጣሉ፤ የጠነከረው ከላይ፣ የላላው ከሥር ነው ብሎ የሚያማቸው አይጠፋም፤ እርሳቸው ግን የላላውን ለብቻው መድበው «ይኼ ለስልስ ነው የኔ ልጅ፣ ዛሬውኑ ሥሪው» ብለው በርካሽ ይሰጣሉ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ትንሽ መደብ ነው፤ በኪሎ ተገዝቶ የሚጠወልግ አትክልት ለማንም አይበጅም። በዱቤም ይሰጣሉ። የቀጠናው ኃላፊዎች መንገድ ዳር ሸጣችሁ እያሉ ጉልቶችን በሚያስነሡበት ሳምንት የሰፈሩ ድስት ወደ ሽሮ ይመለሳል፤ ይህን ማንም መጥቶ ማየት ይችላል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልጨምር፣ ምክንያቱም ውኃና ከሰል የሚቆጥበው አሠራር ለጤናም የተሻለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጎመንን በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ቫይታሚን ሲና ፎሌት የተባለው ሌላ ቫይታሚን በውኃ የሚሟሙ ስለሆኑ ብዙው ክፍላቸው ከሚደፋው ውኃ ጋር ይሄዳል። እኛ ቤት ቀይ ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፣ ከዚያም ታጥቦ በቀጭኑ የተከተፈው ጎመን ከነርጥበቱ ገብቶ ይከደናል። ሌላ ውኃ እምብዛም አያስፈልገውም፤ ዘይቱም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን ለመውሰድ ይረዳዋል። የወለቃ ሸክላ ድስት ያለው ሰው ገና ሳይበስል ከእሳት ሊያወርደው ይችላል፤ ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ጎመኑ እዚያው ይጨርሳል፣ የተረፈው ፍምም ለቡናው ይሆናል።

ስለ ቡናው ግን አንድ ነገር አለ፤ በጎንደር ይህን መናገር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ከምግብ ጋር ተያይዞ የሚጠጣ ቡናም ሆነ ሻይ ከጎመንና ከምስር የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ሎሚ ወይም ጥሬ ቃሪያ ደግሞ በተቃራኒው ያግዛል። በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ማዘግየት ይገባል። እኔ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፤ ቃሪያ ስንጉን ግን ተቀብለውኛል።

ጥሬ ሰላጣ ላይ ጠንቃቃ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንድንበላ ይመክራል፤ ይሁንና ከከተማ ፍሳሽ ጋር በተቀላቀለ ወንዝ የለማ ቅጠል የወስፌ እንቁላል፣ አሜባና ጃርዲያ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግም ሁሉንም አያጠፋም። ውኃ በሌለበት ሳምንት ሰላጣውን ትቶ የበሰለውን መብላት ይሻላል። ውኃ ሲመጣ ቅጠሉ አንድ በአንድ ተገልጦ፣ ከላይ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ እጣቢው ደግሞ አይደፋም። በበራችን ሥር አፈርና የበሰበሰ ፍግ በሞላንባቸው አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያዎች የተተከለው የሐበሻ ጎመን የሚጠጣው እርሱን ነው። የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠበ ላዩ ስለሚያድግ አንዱ ግንድ ለብዙ ጊዜ ያበላል። ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ሲወርረው አመድ እንነሰንስበታለን፤ ዶሮ ሲመጣበት ግን ከማባረር ሌላ መላ አላገኘንም።